የሃያ ዓመት ወጣት ቀመር ለእኔ ትከሻ አልሆነም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ወር በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጂም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክብደት ማንሳት ለእኛ ለአረጋውያንም እንደሚጠቅም መጻፋችሁ ደስ አሰኝቶኛል፤ ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ነው። ከጽሑፉ ግርጌ ግን በሳጥን ውስጥ «ከፍተኛ ጉልበትዎን ራስዎ ያስሉ» የሚል ቀመር አስቀምጣችኋል። ዕድሜ አልተጻፈበትም፣ ወንድ ወይም ሴት አይልም፣ ስንት ጊዜ ካነሱ በኋላ እንደማይሠራም አይናገርም። እኔን አምና ክረምቱን ቀኝ ትከሻዬን ይዤ እንድከርም ያደረገኝ ይኸው ቀመር ነው። ስለዚህ ስለዚያች ሳጥን ልጽፍላችሁ ተነሳሁ።

66 ዓመቴ ነው። ደሴ ተወልጄ፣ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ 36 ዓመት እዚሁ ወሎ ውስጥ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ጂም እገባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያስገባኝ የጎረቤቴ መውደቅ ነው። አቻምና ነሐሴ ላይ ከሰኞ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ ይዛ ስትመለስ፣ ደጃችን ያለው ቁልቁለት ላይ ጭቃው አዳለጣት። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ እዚያው ቦታ ስትንገዳገድ አይቻታለሁ፤ ያኔ እግሯ መልሷታል። በአራተኛው አልመለሳትም። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ዛሬም ድረስ ያለ ደጋፊ ከግቢዋ አትወጣም። እሷን ለማስታመም ስመላለስ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) አየችኝና «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይጠብቃሉ? እግርዎንና ክንድዎን አሁኑኑ ያጠንክሩ» አለችኝ። ደሴን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከጦሳ ተራራ ሥር የተለጠፈ ከተማ ነው፤ ዳቦ ለመግዛት ቁልቁለት ትወርዳለህ፣ ዳቦውን ይዘህ ለመግባት ዳገት ትወጣለህ።

ጂሙን በስም አልጠራውም፤ ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። አሰልጣኙ 24 ወይም 25 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትሁት ልጅ ነው። ደረት የሚገፋበት ማሽን ላይ አስቀመጠኝ፣ ክብደት የሚመረጥበትን ፒን 15 ኪሎ ላይ ሰካና «ማዘር፣ እስኪደክምዎት ይግፉ» አለኝ። ገፋሁ። እሱም እኔም ስንቆጥር 20 ላይ ክንዴ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ስልኩን አውጥቶ ሁለት ቁጥር አስገባና ፊቱ በራ፤ «ማዘር፣ 32 ኪሎ ይገፋሉ!» አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ማታ ለልጆቼ ሁሉ ደውዬ ነገርኳቸው። በሁለተኛው ቀን ስመጣ የ32 ሰማንያ በመቶ ብሎ ፒኑን 25 ኪሎ ላይ አደረገውና «8 ጊዜ ብቻ» አለኝ።

የመጀመሪያውን በጭንቅ ገፋሁት። ሁለተኛው ላይ ጀርባዬ ከመደገፊያው ተነሳ። «ይቻላል ማዘር፣ አንድ ብቻ!» አለ፤ ጥርሴን ነክሼ ትንፋሼን ያዝኩና ሦስተኛውን ስገፋ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ። ክብደቱ ቋ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐኪሙ የትከሻዬ ጅማት መቆጣቱን ነገረኝ። ሰባት ሳምንት ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መጣል አልቻልኩም። እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን የምታነሳልኝ የልጄ ልጅ ነበረች፤ 11 ዓመቷ ነው፤ እንፋሎቱ ክንዷን እንዳይመታት አጠገቧ ቆሜ እጠብቃት ነበር።

እጄ ግን መጻፍ ይችል ነበር። አንድ ማታ የእድር መዋጮ የምመዘግብበትን ደብተር ከጀርባው ገለበጥኩና ያ ልጅ ስልኩ ውስጥ ያስገባውን ቀመር ልጄ ከኢንተርኔት ፈልጋ አመጣችልኝ። ሁለት ቀመሮች በየስልኩ ይዞራሉ። አንደኛው በአሜሪካ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበረው የቦይድ ኤፕሊ ነው፣ የ1985 (እ.ኤ.አ.)። ክብደቱን በድግግሞሹ አባዝተህ ለ30 ታካፍላለህ፤ የተገኘውን መልሰህ በክብደቱ ላይ ትደምራለህ። ሁለተኛው የአሜሪካዊው የስፖርት ባለሙያ የማት ብርዚኪ ነው፣ የ1993 (እ.ኤ.አ.)። ከ37 ላይ ድግግሞሹን ትቀንሳለህ፤ 36ን በቀሪው ታካፍላለህ፤ በክብደቱ ታባዛለህ። የሁለቱም ዓላማ አንድ ነው፤ ሰው አንዴ ብቻ ሊያነሳው የሚችለውን ትልቁን ክብደት፣ ሳያነሳው መገመት። የጂም ልጆች «ዋን አር ኤም» ይሉታል።

የእኔን ቁጥር አስገባሁ። 15 ኪሎ፣ 20 ጊዜ። በብርዚኪ 36 ለ17 ሲካፈል ከሁለት ትንሽ ይበልጣል፤ በ15 ሲባዛ 31.8። አሰልጣኙ የነገረኝ 32 ይህ ነው። በኤፕሊ ግን 15 በ20 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 10፤ 10 እና 15 ሲደመር 25። ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየሁት። በአንዱ ቀመር 25 ኪሎ ስምንት ጊዜ የምገፋው የሥራ ክብደቴ ነው። በሌላው ቀመር 25 ኪሎ አንዴ ብቻ የምገፋው የጉልበቴ መጨረሻ ነው። ያ ልጅ የጉልበቴን መጨረሻ ስምንት ጊዜ ድገሚው ብሎኝ ነበር። ሁለቱም ቀመር ታትሟል፣ ሁለቱም በስልኩ ውስጥ አለ፤ የትኛውን እንደነካ እሱም አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ 36 ዓመት ያስተማርኩት ነገር በእኔው ሰውነት ላይ ስለመጣ። ከ1 ጀምሬ እየጨመርኩ አሰላሁ። 10 ጊዜ ላይ ስደርስ የሚያስደንቅ ነገር አየሁ። በኤፕሊ አንድ ሲደመር 10 ለ30፣ አራት ሦስተኛ። በብርዚኪ 36 ለ27፣ ይኸውም አራት ሦስተኛ። 10 ላይ ሁለቱ ልክ አንድ ናቸው። ከ10 በታች ይለያያሉ፣ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ 5 ጊዜ ላይ አንዱ በ1.17 ሌላው በ1.13 ነው የሚያባዛው። ከ10 በላይ ግን እንደ መቀስ ይከፈታሉ። 15 ላይ 1.5 እና 1.64። 20 ላይ 1.67 እና 2.12። ከዚያም ወዲያ የብርዚኪው ነገር ያስፈራል፦ 36 ጊዜ ያነሳ ሰው ጉልበቱ ያነሳው ክብደት 36 እጥፍ ነው ይላል፤ 37 ጊዜ ሲሆን ደግሞ በዜሮ ማካፈል ይመጣል፣ ሒሳቡ ራሱ ይሞታል። እኛ ዘንድ ባለ 2 ኪሎ ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) ይዘው 36 ጊዜ የሚያነሱ ሴቶች አሉ። ቀመሩ 72 ኪሎ ታነሳላችሁ ይላቸዋል።

ቀመሮቹን የሠሩትን ሰዎች አልወቅስም። እነሱ ሲሠሩት በአብዛኛው በዓይናቸው ያዩት ወጣት ስፖርተኛ ነው፤ የሚነሳውም ከ10 ባልበለጠ ድግግሞሽ ነው። ጥፋቱ ቀመሩን ከነገደቡ ሳይወስዱ ቁጥሩን ብቻ መውሰድ ነው። የእናንተም ሳጥን ያደረገው ይህንኑ ነው። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቀመር ስሰጥ «ይህ የሚሠራው ይህ ሲሆን ብቻ ነው» የምትለዋን መስመር ሳልጽፍ ሰሌዳ አጥፍቼ አላውቅም። ጋዜጣ የሚያነብ አዛውንት ከተማሪዬ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም።

ትከሻዬ ሲሻለኝ ወደዚያችው ፊዚዮቴራፒስት ሄድኩና ደብተሬን አሳየኋት። ሳትስቅብኝ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ጭራሽ ያላሰብኩትን ነገረችኝ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት አንዴ ብቻ የሚነሳውን ክብደት በተደጋጋሚ ሲለኩ፣ ወጣት ሴቶች ቁጥራቸው የሚረጋው በ3 ወይም በ4 ቀን ልምምድ ነው፤ አረጋውያኑ ሴቶች ግን 8 ወይም 9 ቀን አስፈልጓቸዋል። ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚለካው ጡንቻው ብቻ አይደለም። ማሽኑን አለመልመድ፣ ፍርሃት፣ ነርቮች ጡንቻዎቹን አንድ ላይ ማዘዝ አለመቻላቸው ሁሉ እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። በሕይወቴ ደረት የሚገፋበት ማሽን ላይ ቁጭ ብዬ አላውቅም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን የተለካሁት እኔ አይደለሁም፣ እንግድነቴ ነው።

ጡንቻና ጉልበት አንድ እንዳልሆኑ ያስረዳችኝ አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በተሠራ ጥናት ነው፤ ለአንባቢዎቻችሁም ልንገራቸው። በ1990 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዋ ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸውን የአንድ አረጋውያን ማዕከል 10 ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት የጭናቸውን ጡንቻ በከባድ ክብደት አሠሯቸው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የ9ኙ ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ይህም 10 ያነሳ የነበረ 27 ማንሳት ጀመረ ማለት ነው። የጡንቻው ስፋት ግን የጨመረው 9 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ሁሉ ሰውነት ያለውን ጡንቻ መጠቀም ሲማር የመጣ ነው። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ በ90 ዓመታቸው የሚማር ሰውነት ካላቸው እኔ በ66ዬ ምን ሆኛለሁ ብዬ። እነዚያ አዛውንቶች ዝም ብለው አልተጫነባቸውም። መጀመሪያ ጉልበታቸው ተለካ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በግማሹ ጀመሩ፣ ከዚያ ወደ 80 በመቶው ወጡ። እኔ ዘንድ የተዘለለው ይህ መሰላል ነው።

እንግዲህ የሠራነውን ልጻፍ። «እኛ» ያልኩት ስድስት ሴቶች ነን፤ ሦስታችን ጡረተኛ መምህራን፣ አንዷ ነርስ የነበረች፣ ሁለቱ ሙሉ ዕድሜያቸውን በቤት ሥራና በንግድ ያሳለፉ። ግማሾቻችን ሙስሊም ግማሾቻችን ክርስቲያን ነን። ሌላ ጂም ለሴቶች ብቻ የሚሆን የጠዋት ሰዓት ሰጠን፤ ሂጃባቸውን አውልቀው በነጻነት የሚሠሩበት ሰዓት ባይገኝ ሦስቱ አይመጡም ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምንሠራው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020ው (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይላል፤ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ቢያንስ ሦስት ቀን ይጨምርበታል። የሚዛኑን ቤት እንሠራዋለን፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም።

የመጀመሪያውን አንድ ወር ምንም አልለካንም። ስምንት ቀን ሙሉ በቀላል ክብደት አኳኋን ብቻ ተማርን፦ ጀርባ ከመደገፊያው አይነሳም፣ ክንድ ተገትሮ አይቆለፍም፣ ሲገፉ ትንፋሽ ይወጣል፣ ሲመልሱ ይገባል። የትንፋሹን ነገር አደራ እላለሁ። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ባንዴ ወደ ላይ ይወረውራል። ከመካከላችን አንዷ ግፊት አለባት፤ ሌላዋ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነበርና ሐኪሟ እስኪፈቅድላት ሁለት ወር ያህል ከእኛ ጋር መጥታ ቁጭ ብላ መዝገብ ስትይዝልን ቆየች። የጀርባ አጥንቷ ሳስቷል የተባለችውም ክብደት ይዛ ጎንበስ አትልም።

በዘጠነኛው ቀን ለካን። አለካኩ እንዲህ ነው። በቀላል ክብደት 10 ጊዜ ማሟሟቅ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ማረፍ። ትንሽ ጨምሮ 5 ጊዜ። ማረፍ። ከዚያ 10 ጊዜ ሊደረስበት የማይችል ክብደት ላይ ፒኑን ሰክቶ አኳኋኑ እስኪበላሽ ድረስ መቁጠር። «እስኪበላሽ» የምትለዋ ቃል ዋናዋ ናት። ጀርባ ከተነሳ ወይም ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ያ ድግግሞሽ አይቆጠርም፤ ያቺ ነርስ የነበረችው ጓደኛችን ፊት ለፊት ቆማ «በቃ!» ትላለች፣ እሷ በቃ ካለች ልመና የለም። አንዴ የመጨረሻውን ልግፋ ስል «ትከሻሽን ረሳሽው እንዴ?» ብላኝ ፒኑን ራሷ ነቀለችው።

የእኔ 20 ኪሎ 6 ጊዜ ሆነ። በኤፕሊ 24፣ በብርዚኪ 23.2። ከአንድ ኪሎ በታች ነው ልዩነታቸው! በመጀመሪያው ቀን በዚያው ዓይነት ማሽን፣ በዚችው ሴትዮ ላይ ሰባት ኪሎ ተለያይተው ነበር። ከሳምንት በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ ባለችበት በቀጥታ ሞከርኩት። 22.5 ኪሎ ቀስ ብሎ ሄደልኝ። 25 ኪሎ፣ ጀርባዬን ሳላነሳ ስሞክረው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ወዲያው ተቀበሉኝ። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥሬ በ22.5 እና በ25 መካከል ነው። ያ ልጅ የነገረኝ 32 ከእውነተኛው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ይበልጥ ነበር። ትከሻዬን የበላው ይህ ትርፍ ኪሎ ነው።

ስለ እግር አንድ ነገር ልጨምር። በእግር የሚገፋው ማሽን ላይ ሁላችንም በክንዳችን ከምንችለው ብዙ ጊዜ እንደጋግማለን፤ በጉልበታችን ተመሳሳይ መቶኛ ላይ ክንዳችን 8 ላይ ሲቆም እግራችን ይቀጥላል። ቀመሩ እግርንና ክንድን አይለይም። ስለዚህ የእግሩን ቁጥር ለብቻው በሌላ ገጽ እንጽፈዋለን፤ ከክንድ ጋር አናወዳድረውም፤ የዛሬ እግራችንን ካለፈው ወር እግራችን ጋር ብቻ ነው የምናስተያየው።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ያኔ መለካት ተውን፣ ሥራውን ግን በቀላሉ ቀጠልን። አንዷ ጓደኛዬ ጾሟን ይዛ ካልለካሁ ብላ ሞክራ ቁጥሯ ሦስት ኪሎ ወረደ፤ ተስፋ ቆርጣ ልትተወው ነበር። የወረደው ጡንቻዋ አልነበረም፤ ውሃ ሳትጠጣ፣ ምግብ ሳትቀምስ፣ ሌሊት ተነስታ ሱሁር አብስላ ነው የተለካችው። ከዒድ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ተመለሰ፤ እንዲያውም አንድ ኪሎ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ የምንለካው በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በልተንና ጠጥተን፣ በዚያው ማሽን ነው።

አንድ ሌላ ጥፋት አለ፣ እሱም ያናድደኛል። ከመጠን በላይ የጫነብኝ ልጅ ቢያንስ ጉልበት አላት ብሎ አምኖ ነበር። ሌሎች ብዙ ቦታዎች ደግሞ የእኛ ዕድሜ ሴት ስትገባ ባለ 1 ኪሎ ዳምቤል ያስይዟትና «እማማ፣ ለጤና ያህል ይበቃዎታል» ይሏታል። ዓመት ሙሉ ያው 1 ኪሎ። ይቺ ሴት እኮ ከቧንቧ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ የኖረች ናት! 20 ኪሎ ተሸክማ የኖረ ጀርባ 1 ኪሎ ምን ይጨምርለታል? ሁለቱም ጥፋት ከአንድ ቦታ ይመነጫል፤ ማንም ቁጭ ብሎ አልለካንም። አንዱ በስልኩ ገመተን፣ ሌላው በሽበታችን።

ኮምቦልቻ ያለችው ታላቅ እህቴ 71 ዓመቷ ነው። ብዙ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ላይ ቆማ የሠራች ናት። ጂም የሚባል ነገር አትሰማም፤ ማሽንም በሰፈሯ የለም። ለእሷ የሐረጎ ቁልቁለትን ወርጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የምትለካበት ወንበር ነው። ክንድ ማስደገፊያ የሌለው፣ ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የወጥ ቤት ወንበር ግድግዳ አስደግፈን፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስታ እንደምትቀመጥ እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ቀን 7 ነበር፤ ሦስተኛው ላይ እጇ ሳታውቀው ወደ ወንበሩ ጠርዝ ሲሄድ አየሁት። ከ70 እስከ 74 ዓመት ለሆናት ሴት ከ10 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ነው። አልነገርኳትም። ቡና እስኪፈላ አንድ ዙር፣ ከቡና በኋላ አንድ ዙር፣ ከዚያ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጤፍ መዝነን እሱን ደረቷ ላይ ታቅፋ እንድትነሳ። በመጀመሪያ 2 ኪሎ፣ አሁን 6 ኪሎ። ባለፈው ቅዳሜ 11 ሆነ። «ቁጥሩን ጻፊው እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ?» አለችኝ።

ስለዚህ ከናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። ያቺን ሳጥን እንደገና አትሙልን፤ ግን ከነገደቧ። ከ10 በላይ በተደጋገመ ቁጥር አትሰሉበት ብላችሁ ጻፉ። ለጀማሪ፣ በተለይም ለእኛ ዕድሜ ሴት፣ ከብዙ ቀን ልምምድ በፊት የተገኘ ቁጥር ጉልበቷ አይደለም ብላችሁ ጻፉ። የደም ግፊት፣ የቅርብ የዓይን ቀዶ ሕክምና ወይም የሳሳ አጥንት ያላት ሐኪሟን ሳታማክር አትለካ። ከተቻለም ሁለቱን ቀመር ጎን ለጎን አስቀምጡና አንባቢው ራሱ ያወዳድር፤ ቁጥሮቹ ከተራራቁ ያን ጊዜ ቁጥሩን ሳያምን ድግግሞሹን መቀነስ እንዳለበት ይወቅ።

ለጂም አሰልጣኞችም በጋዜጣችሁ በኩል መልእክት አለኝ። ልጆቼ፣ ስለ እኛ አትፍሩ፣ ግን አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ወር የማስተማሪያ ወር ይሁን። ደብተር ያዙልን፤ ስልክ ላይ ያለ ቁጥር ነገ ይጠፋል። ያ የመጀመሪያው አሰልጣኜ ይህን ካነበበ አልተቀየምኩትም፤ ሰላም ልለው ፈልጌ ጂሙን ለቆ እንደሄደ ሰማሁ። የትም ይሁን፣ ሌላ እናት ፊቱ ስትቀመጥ ፒኑን ከመስካቱ በፊት ይህችን ደብዳቤ እንዲያስታውስ እፈልጋለሁ።

ከጥቅምት እስከ ሰኔ የያዝነውን የዘጠኝ ወር መዝገብ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። የጓደኞቼን ስም በጥቁር እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ፤ ቁጥሮቹ ግን ሁሉም አሉ፣ የወረዱትም ጭምር። የሚጠቅማችሁ ከሆነ አትሙት። ዋናው ደብተር ያስፈልገኛል፤ ማክሰኞ ጠዋት እንለካለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት፣ ደሴ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይቆይልኝ)